የአያ ባምላኩ ወገብ

ባለፈው ዓመት፣ በገና ዕለት፣ የፍኖተ ሰላሙ ልብስ ሰፊ ባምላኩ የላይ ሰፈርን የመጀመሪያ ምት ሊመታ ዱላውን ከጫንቃው በላይ አነሣና እዚያው ቀረ። ዱላው አልወረደም። ሰውዬውም አልወረደም። ወገቡ እንደ ዛገ ማጠፊያ ተቀርቅሮ፣ አንድ ዓይኑ ሰማይ አንድ ዓይኑ መሬት እያየ ቆሞ ቀረ። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ኳስ፣ ሩሯ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች፤ እሱ አይመጣም። የታች ሰፈር ተጫዋቾች መጀመሪያ ኃይሉን የሚያጠራቅም መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹለት። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው የሣቁት ሣቅ ማንኩሳ ድረስ ተሰምቶ፣ እዚያ ሜዳ ላይ የተለቀቁ በሬዎች ደንብረው ቡሬ መግቢያ ላይ ነው የተያዙ አሉ።

ጎረምሶቹ ባምላኩን እንደ ቆመ፣ ዱላውን እንደ ጨበጠ፣ እንደ ምሰሶ ተሸክመው ከሜዳው ዳር ካለችው ዋርካ ሥር ተከሉት። ከዋርካዋ ሥር የሚቀመጡት መራቂዎች ናቸው፤ ጨዋታውን በምርቃት የሚከፍቱ፣ ጠብ ሲነሣ የሚገላግሉ፣ በተረፈው ጊዜ ስለ ድሮ ጨዋታ የሚዋሹ ሽማግሎች። ከእነሱ አንዱ ደግ ሰው «ብርድ እንዳይመታው» ብሎ ጋቢ ጣል አደረገበት። ለላይ ሰፈር ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በሰፈሩ ደንብ ከዋርካዋ ሥር ጋቢ የለበሰ ሰው ዳግመኛ የገና ዱላ አይጨብጥም፤ መርቆ ይመጣል፣ መርቆ ይሄዳል፣ መርቆ ይሞታል።

የላይ ሰፈር አለቃ ሥጋ ሻጩ ሐብቴ ነበር፤ አንገት የሚባል ነገር ሳይሰጠው ትርፉን ሆድ ላይ የተመረቀለት ሰው። ጋቢውን ሲያይ መጣና ጎንበስ አለ።

«አያ ባምላኩ፣ ጋቢውን እንዳልለበሱት እንቁጠረው። ለዛሬ ይለፍ። ለከርሞ ግን ሜዳው ላይ አንዲት ‹ውይ ወገቤን› የሰማሁ እንደሆነ፣ ቦታዎ ይቺ ዋርካ ናት። የመጀመሪያዋን ምት መልካሙ ይመታታል።»

መልካሙ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ነው፤ የገና ዱላ ሲይዝ መሪ የያዘ ይመስለዋል። ባምላኩን ያመመው ግን የመልካሙ ስም አልነበረም። ሐብቴ እስከዚያች ቀን ድረስ «አንተ ባምላኩ» ነበር የሚለው። «አያ»ዋም «ዎ»ዋም የመጡት ከወገቡ ጋር ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተወኝ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥ ነበር። ባምላኩ ግን ዓመቱን ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ የሚኖር ሰው ነው። ከከተማው ሕዝብ የሚያውቀው ከወገብ በታች ያለውን ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት እንኳ የሱሪያቸውን ጠርዝ አይቶ ነው ስማቸውን የሚጠራ። በዓመት አንዲት ቀን ብቻ ቀና ይላል። በገና ዕለት ዱላውን ይዞ ከሜዳው መካከል ይቆማል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ እየዘፈነ ይሰድበዋል፤ እሱም ሩሯን ለግቶ አቧራዋን ያስነሣታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ምት የእሱ ናት። ይህቺን ቀን ከወሰዱበት የሚቀርለት ሱሪ ብቻ ነው።

«አልሰጥም» አለ ለሚስቱ ለእናኑ፣ ያን ዕለት ማታ በሆዱ ተኝቶ ጀርባውን በቅቤ እያሸችው።

«ምኑን ነው የማትሰጥ?»

«ምቴን።»

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ እስቲ ተገልበጥ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ወገቡ ዳነ። ግን እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያውቅ ጠፋ። ከተማው ምክር ያላዋጣ ሰው የለም፤ አንዱ ዝንጅብል፣ አንዱ የፍየል ሞራ፣ አንዱ ጠንካራ አልጋ አለ። ባምላኩ ሁሉንም ሞከረ፤ ሞራውን ሲቀባማ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎት ሱቁ ደጃፍ እየተኛ ደንበኛ አባረረበት። በመጨረሻ መፍትሔው ከግቢው ተገኘ። ከጓሮ ክፍሉ የተከራየችው መምህርት ያምሮት ከወልድያ የመጣች የስፖርት አስተማሪ ናት። በኅዳር አንድ ቀን ማለዳ ባምላኩ ከወንበሩ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ቅዱሳንን በየስማቸው እየጠራ ሲነሣ አየችው።

«ጋሼ ባምላኩ፣ እርስዎ ስፌት ላይ ቁጭ ብለው ይከርሙና ገና ዕለት ብድግ ብለው ይመታሉ። ወገብዎ ምን ያድርግ? ሳይነገረው!»

«ይነገረው እንዴ?»

«አዎን ይነገረው። ሰውነት ማሟሟቅ ማለት እኮ ለሰውነት አስቀድሞ መንገር ነው። ‹ተነሥ፣ ሥራ አለብን› ማለት።»

ስልኳን አወጣችና አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየችው። ሽበታም ፈረንጅ በለምለም ሣር ላይ ቆሞ፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዞ፣ ትንሽ ነጭ ኳስ ሊመታ ይዘጋጃል።

«ይሄ ገና ነው!» አለ ባምላኩ።

«ጎልፍ ይባላል።»

«የሚቀማውስ የት አለ?»

«የሚቀማ የለም። ብቻውን ነው የሚመታው።»

«ብቻውን? ማን እየሰደበው?»

«ማንም አይሰድበው። እንዲያውም ሲመታ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።»

ባምላኩ ከልቡ አዘነ። «ምስኪን። ዘመድ የለውም ማለት ነው።»

ግን ዓይኑን ከስልኩ አላነሣም። ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ኳሷን ከመምታቱ በፊት ብዙ ነገር ያደርጋል። ዱላውን በጫንቃው አጋድሞ ሁለት እጁን እላዩ ላይ ጥሎ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ይሄስ እረፍት ላይ ያለ የጎጃም ገበሬ አቋቋም ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ይነካል፤ ቀና ይላል። አንድ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ በጉልበቱ ዝቅ ይላል፤ ይነሣል። እጁን ያሽከረክራል፤ «እፍፍ» ብሎ ትንፋሽ ያወጣል። በመጨረሻ ኳስ በሌለበት ዱላውን ቀስ አድርጎ ይወዘውዛል፤ ከዚያ ትንሽ ፈጠን አድርጎ፤ ከዚያም ፈጠን አድርጎ። ሲመታ ወገቡ እንደ እንዝርት ዞረ፤ ኳሷ ከዓይን ጠፋች።

«ከእኔ ሳይበልጥ አይቀርም በዕድሜ» አለ ባምላኩ።

«በብዙ።»

«አስተምሪኝ። ግን ሰው እንዳይሰማ።»

ነገሩ መደበቅ ነበረበት። በዚያ አገር ሰው ሰውነቱን አሟሙቆ ገና አይወጣም፤ ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ይመታል። የሚሟሟቅ በሽተኛ ነው፤ ከበሽተኛም የባሰ ሽማግሌ ነው። ባምላኩ ወገቡን ሲያባብል ሐብቴ የሰማ ዕለት ገና እስኪደርስም አይጠብቅ፤ ጋቢውን ሱቁ ድረስ ያመጣለታል።

ስለዚህ የገና ጾም ከገባ ጀምሮ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ከቤቱ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ያለችው ብቸኛ ደልዳላ ቦታ ወደ ምሥራቅ የዞረች ናት። እዚያ ቆሞ ዱላውን በጫንቃው አጋድሞ ይዞራል። ይጎነበሳል፣ ቀና ይላል። በጉልበቱ ይወርዳል፣ ይነሣል። ይተነፍሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣቱ ከጉልበቱ አላልፍ አለው። እናኑ በበር ቀዳዳ እያየች አፏን በነጠላዋ ይዛ ትሥቃለች፤ እሱ ግን እልኸኛ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ የሰቆጣ ተራራ የወጣ ያህል ደስ አለው። የእግር ጣቱን የነካ ዕለት ያምሮትን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ አሳያት።

አጥሩ ግን አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው መንገድ አለ፤ በዚያ መንገድ ደግሞ እትዬ ወለተጊዮርጊስ በየማለዳው ኪዳን ለማድረስ ያልፋሉ። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ሐሜት አይወዱም። ያዩትን ለሰው የሚናገሩት ሰው እንዲጸልይበት ብለው ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ በቀዳዳዋ ያዩት ነገር እግራቸውን አስተሳሰረው። ልብስ ሰፊው ባምላኩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ሁለት እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ፣ ይሰግዳል። ይወድቃል ይነሣል። «እፍፍ» እያለ ይቃትታል። በማግሥቱም አዩት። በሦስተኛውም ቀን። ደግሞ እንደ ወግ በነጠላ አይደለም፤ ላብ አጥምቆት፣ በካናቴራ ነው።

«ምን ቢሠራ ነው?» አሉ እትዬ ወለተጊዮርጊስ፤ ኪዳኑን እንኳ በቅጡ ሳያደርሱ የአቻምየለሽ ሻይ ቤት ገቡ። «ኧረ በማርያም ጸልዩለት። የንስሐ አባቱ ስግደት አሸክመውታል። ስግደቱም ስግደት እንዳይመስላችሁ፤ የነፍሰ ገዳይ ስግደት ነው።»

የአቻምየለሽ ሻይ ቤት በጾም ሰሞን ሙሉ ነው፤ ምክንያቱም ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው። ሐብቴም ቢላውን ሰቅሎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ተቀምጦ በሥጋ ፋንታ ወሬ ይመትራል። ያን ቀን ጠዋት የባምላኩ ኃጢአት ከሻይ ቤቱ ሲወጣ አንዲት ነበረች። ምሳ ላይ ጅጋ ስትደርስ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ማታ ቡሬ ስትገባ ባምላኩ ሽፍታ ሆኖ፣ ደንበጫ ላይ አውቶቡስ አስቁሟል።

የሚያስገርመው ግን እያንዳንዱ ሰው ኃጢአቱ እሱ ላይ የተሠራ መሰለው። ሰው ሁሉ ሣጥኑን ከፍቶ ሱሪውን ለካ። ልብስ ሰፊ ንስሐ ሲገባ ነገሩ ምን ይሆናል? የተረፈ ጨርቅ ነው! ከማንኩሳ አንድ ሽማግሌ የሠርግ ኮታቸውን ይዘው መጡና ከሱቁ ደጃፍ ቆሙ።

«ልጄ ባምላኩ፣ ይሄ ኮት እጅጌው አጥሮብኝ ነው የተዳርሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ። ከጨርቁ ስለ ወሰድኸው ይቅር ብዬሃለሁ።»

«አባቴ፣ ኮቱን እኔ አልሰፋሁትም እኮ።»

«እሱንም ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት።

ከቡሬ በርበሬ ነጋዴ ሴት መጥታ ስለ መጋረጃዋ ይቅር አለችው። አንድ ደግሞ ከግሽ ዓባይ ጠበል መልስ፣ በስግደት ላብ ለደከመች ነፍስ ያስፈልጋል ብሎ፣ በጀሪካን ጠበል አስቀመጠለት። ባምላኩ የተቀበለው ይቅርታ ብዛቱ፣ ቢከፋፈል ለምዕራብ ጎጃም ይተርፍ ነበር።

እናኑ ታከታት። «ንገራቸው! ‹ወገቤን እያሟሟቅሁ ነው› በልና ተገላገል!»

«ሞቼ ነው ቆሜ?»

«ስምህ ጠፋ እኮ! ወይዛዝርቱ በአዘኔታ ያዩኛል።»

«እናኑ፣ ኃጢአተኛ ቢሉኝ ሥርየት አለው። ሽማግሌ ቢሉኝ ግን በምን ይሠረያል?»

ይህን ባለ በሁለተኛው ቀን ሐብቴ ራሱ ሱቁ መጣ። ባምላኩ ሲያየው ጋቢውን የያዘ መሰለው። ሐብቴ ግን ፊቱ በርቷል።

«አያ ባምላኩ፣ እንዲያው ልቤ አረፈ!»

«ስለምን?»

«ስለ ኃጢአትዎ! እኔ እኮ ለወገብዎ ነበር የምፈራ። ይህን ሁሉ ወድቆ የሚነሣ ሰው ወገቡ የአንበሳ ነው። የመጀመሪያዋ ምት የእርስዎ ናት፤ ለመልካሙም ነግሬዋለሁ። ብቻ ከበዓሉ በፊት ኃጢአቱ እንዳያልቅብዎ!»

ባምላኩ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ለካ ውሸቱ ቤት ሠርቶለታል! ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ በኩል እግር ሲሰማ አስረዝሞ ማቃተት ጀመረ።

ፈተናው የመጣው ከንስሐ አባቱ ከቄስ ወልደ ገብርኤል ነው። ቄሱ የዋህ ሰው ናቸው፤ በኑሯቸው ለማንም ከአቅሙ በላይ ቀኖና ሰጥተው አያውቁም። አሁን ግን ሕዝቡ በመንገድ ያቆማቸዋል። «አባ፣ ምነው ጨከኑበት? ሰውዬው አለቀ እኮ!» ይላቸዋል። አልሰጠሁትም እንዳይሉ የንስሐ ነገር አይነገርም። ሰጥቼዋለሁ እንዳይሉ አልሰጡም። ዝም ሲሉ ደግሞ ሕዝቡ «አያችሁ፣ ነገሩ ከባድ ነው» ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት ወደ ባምላኩ ቤት መጡና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«አንተ ባምላኩ፣ እኔ አሳዝኜሃለሁ?»

«ኧረ አባ! ምን ሲሉ?»

«ታዲያ ሌላ የንስሐ አባት የያዝህ ለምንድን ነው? ይሄን ስግደት የጫነብህ ማን ነው? ለእኔ ያልነገርኸኝ፣ ለሌላ የነገርኸው ምን ዓይነት ኃጢአት ነው?» ሚስቱ እንደ ኮበለለችበት ሰው አዝነዋል።

ባምላኩ በሩን ዘጋ። ተንበረከከ። «አባ፣ በንስሐ ልንገርዎ?»

«በንስሐ ንገረኝ።»

«ከእርስዎ ሌላ አባት የለኝም። ስግደትም አይደለም። ለገና ወገቤን እያሟሟቅሁ ነው።»

የቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀል በእጃቸው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ ጢማቸው፤ ቀጥሎ ሁለመናቸው። ዕንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ሲወጡም እየሣቁ ወጡ። ቁም ነገሩ ግን በንስሐ የሰሙት ነውና ለማንም ሊናገሩት አይችሉም። ከዚያ ወዲያ ሰው የባምላኩን ነገር ባነሣባቸው ቁጥር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይሸሻሉ። ከተማው ተረበሸ። ካህን የሚያስለቅስ ኃጢአት ይታወቃል፤ ካህን የሚያሥቅ ኃጢአት ግን በፍኖተ ሰላም ታይቶ አይታወቅም።

ገና ደረሰ። ሌሊቱን ሲቆም ያደረው ሕዝብ ጾሙን ፈታ፤ የሐብቴ ቢላም ከተሰቀለችበት ወረደች። ባምላኩ ዶሮውን በልክ ቀመሰ፤ ጠላውን አልነካም። ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ሥር ወርዶ ማሟሟቂያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሰና፣ ሰውነቱ እንደ ትኩስ ዳቦ እየጨሰ፣ በሩጫ ወደ ሜዳው ወጣ። ወገቡ ዘይት እንደ ጠጣ መኪና ነው። ያን ጊዜ ሩሯን ቢሰጡት ቡሬ ያደርሳት ነበር።

ሩሯን ግን አልሰጡትም። መጀመሪያ ምርቃት አለ። የዘንድሮው መራቂ የመራቂዎቹ ታላቅ አባ ሀብተሚካኤል ነበሩ፤ ምላሳቸው በርትቶ ጆሯቸው የደከመ ሰው። ሰፈሩን መረቁ። ከተማውን መረቁ። ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ዳጉሳውን በየተራ መረቁ። ላሟን ከነጥጃዋ፣ ንቡን ከነቀፎው መረቁ። ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ እሳቸው «አሜን»ን አይሰሙምና ደግመው ይመርቃሉ። ከላህ ወንዝ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሣ። የባምላኩ ላብ ጀርባው ላይ በረደ። አባ ሀብተሚካኤል ከዓባይ ወዲህ ያለውን ከብት ሁሉ ጨርሰው ወደ ማዶው ሲሻገሩ፣ ከባምላኩ ወገብ በስተግራ፣ ያቺ የታወቀች ቦታ፣ ጠቅ አደረገችው።

አወቃት። አምና ከመቀርቀሩ በፊት እንዲሁ ነበር ያደረገችው።

ምርቃቱ አለቀና ሁለቱ ሰፈሮች ተፋጠጡ። «አያ ባምላኩ!» ብሎ ሐብቴ ጠራ። ሩሯ ከመካከል ተቀመጠች። ባምላኩ ዱላውን ይዞ ወጣ። የታች ሰፈር ሰዎች ጭብጨባቸውን አሰምተው ሲዘፍኑ ግጥሙን እንዳዘጋጁት ያስታውቃል፤

«ባምላኩ ባምላኩ ምን ቢበድል ነው፣
ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚያሰግደው?»

ሕዝቡ አውካካ። ባምላኩ ከሩሯ ፊት ቆመ። ዱላውን አሁን ቢያነሣ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይቀረቀራል። ሳያነሣ ቆሞ ቢሟሟቅ ምን እንደሚሆንም ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ስግደቱ ስግደት አለመሆኑ ይገለጣል። አንደኛው መንገድ ወደ ዋርካዋ ነው። ሁለተኛውም ወደ ዋርካዋ ነው። ልዩነቱ በአንደኛው ተሸክመው ነው የሚወስዱት።

«በእግሬ ይሻለኛል» አለ ለራሱ።

ዱላውን በጫንቃው አጋደመ። ሁለት እጁን እላዩ ላይ ጣለ። ወዲያና ወዲህ መዞር ጀመረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ነካ፤ ቀና አለ። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከሴቶቹ መካከል «እዩት! እዚህም ያዘው!» ብለው አማተቡ። ባምላኩ ፊቱን ወደ ታች ሰፈር አዞረ። በገና ጨዋታ የተባለውን ሁሉ መቀበል፣ የተቀበሉትንም በግጥም መመለስ ደንብ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ፤

«ስግደትም አይደለ፣ ንስሐም አልገባሁ፣
ወገቤ ዝጎብኝ ዘይት ነው የቀባሁ!»

ከሁሉ ቀድሞ የቄስ ወልደ ገብርኤል ድምፅ ተሰማ። «ተመስገን! ተመስገን! አፌን ፈታኸኝ!» ብለው እንደ ተለቀቀ ጥጃ ዘለሉ። ከዚያ ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ። ከማንኩሳ የመጡት ባለ ኮት ሽማግሌ «ታዲያ ይቅርታዬን ማን ይመልስልኝ?» ሲሉ ተሰሙ።

ሐብቴ ፊቱ በርበሬ መስሎ እየሮጠ መጣ። «ወገብ ነው? ወገብ ኖሯል? አያ ባምላኩ፣ አዋረዱኝ! ይሂዱ ወደ ዋርካው! መልካሙ፣ ና ምታ!»

«ቆይ» አለ ባምላኩ፤ በጉልበቱ እየወረደ፣ እየተነሣ።

«ምኑን ነው የምቆይ? ያሟሟቀ ሰው ሽማግሌ ነው!»

«አምና ሳላሟሙቅ ተቀርቅሬ ነው ሽማግሌ ያላችሁኝ። ዘንድሮ አሟሙቄ እመታለሁ። ውይ ካልሁ ጋቢውን ራሴ እለብሰዋለሁ። ካላልሁ ግን ሐብቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ልቤ፣ በቀን ብርሃን፣ በአደባባይ ነው የማሟሙቅ። አሁን ዞር በል፤ ዱላዬ ያገኝሃል።»

ሐብቴ ሆዱን ይዞ ዞር አለ። ባምላኩ አልቸኮለም። ሕዝቡ እየቆጠረ፣ እያጨበጨበ፣ እየሰደበ፣ እሱ ትከሻውን አሽከረከረ። ሩሯን ሳይነካ ዱላውን ቀስ አድርጎ ወዘወዘ። የታች ሰፈር ጎረምሶች ከኋላው ተሰልፈው በቀልድ አብረውት ይጎነበሱ ጀመር፤ ግማሾቹ ጣታቸው ላይ አልደረሱም። ያቺ ጠቅ ያደረገችው ቦታ ቀስ በቀስ ላላች። ሞቀች። ጠፋች።

ያን ጊዜ ዱላውን አነሣ። ዱላው ከላይ ሲደርስ እናኑ ዓይኗን ሸፈነች። ዱላው ወረደ። ወገቡ ዞረ። ሩሯ «ጧ!» ብላ ከመሬት ተነሣችና በታች ሰፈር ራሶች ላይ አልፋ ሄደች። እርግጥ ቡሬ አልደረሰችም፤ ከዚያ በፊት ከሄደችው ሁሉ አብልጣም አልሄደችም። ግን ከኋላዋ «ውይ» የሚል ድምፅ አልተሰማም። ባምላኩ ቀና ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ እንደ ቆመ አልቀረም፤ ሮጠ።

እስከ ምሽት ተጫወተ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ሩር ቀማ፣ ሦስት ጊዜ ተቀማ። በመጨረሻ መልካሙ ሩሯን ስቶ የገዛ ወገኑን የባምላኩን ቅልጥም በዱላው አገኘው። ቅልጥሙ አብጦ የድንች ያህል ሆነ። ባምላኩ መሬት ላይ ተቀምጦ እያየው ፈገግ አለ። የሽማግሌ ጉዳት ዝም ብሎ ከውስጥ ነው የሚመጣ፤ ይሄ ግን ጎረምሳ ከጎረምሳ ጋር ሲጋጭ የሚገኝ፣ ንጹሕ፣ የክብር ጉዳት ነው። ታች ሰፈር አሸንፎ እየዘፈነ ሲሄድ እንኳ አልከፋውም።

ሐብቴ ላቡን እየጠረገ መጣና ከጎኑ ቆመ። ጀርባውን በእጁ ደግፎ ነበር።

«ለጥምቀት ሰሞን ከቡሬዎች ጋር እንጋጠማለን» አለ። «የመጀመሪያዋ ምት የእርስዎ ናት። ቀደም ብለው ይምጡና… ያው… ያድርጉት ያን ነገር።»

«ብቻዬን አላደርገውም። ሰፈሩ በሙሉ ቀድሞ ይመጣል፤ አለቃው ከፊት ቆሞ።»

«እኔ?»

«አንተ። ጀርባህን ይዘህ የቆምኸው ለምንድን ነው?»

ሐብቴ ግራ ቀኝ አየ። ሕዝቡ ተበትኗል፤ ሜዳው ላይ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበና ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። እጁ ከጉልበቱ ወርዶ በአየር ላይ ይዳስስ ጀመር።

«የት አለ ጣቱ?» አለ እያቃሰተ።

ባምላኩ ዱላውን ተደግፎ ባበጠ እግሩ ተነሣና ከአጠገቡ ቆመ።

«በርታ፤ ፈልገው» አለው። «እዚያው ነው ያለ።»